ለቤት ሲኒማ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዲስክ ማጫወቻ፦ ገንዘብዎ የት ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦ «65 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን አለኝ፤ ዶልቢ ቪዥን የሚባለውን የምስል ስልት ይደግፋል። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያስተላልፍ ሶኬት) ያለው አምፕሊፋየርና አምስት ስፒከር ከነሳብዉፈሩም አለኝ። ብዙ ዲቪዲና ጥቂት ብሉ ሬይ ሰብስቤያለሁ። የድሮው ማጫወቻዬ ግን ተበላሸ። አንድ ሻጭ ‹ውዱን ግዛ፣ ድምፁ ይለያል› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሁሉም ዲጂታል ነው፣ ርካሹ ይበቃሃል፣ ለመሆኑ አሁን ዲስክ ማን ይገዛል?› ይለኛል። እኔ መካከለኛ ዋጋ ላይ ማረፍ ነው የምፈልገው። ምን ልግዛ? ዲቪዲዎቼስ በ4ኬ ጥራት ይታያሉ?»

የባለሙያ ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነው። ዲቪዲዎ 4ኬ አይሆንም። የትኛውም ማጫወቻ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ዲስኩ ላይ ያልተቀረጸ ዝርዝር ከየትም አያመጣም። ዲቪዲ የሚይዘው በወርድ 720፣ በቁመት 480 ወይም 576 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ነው። የእርስዎ ስክሪን 3840 በ2160 ነው። ሲባዛ ስክሪኑ ከዲቪዲው 20 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ አለው። ይህንን ሁሉ ክፍተት መሣሪያው በግምት ይሞላዋል። አፕስኬሊንግ የሚባለው ይኸው ነው። ግምቱ ጥሩ ሲሆን ምስሉ ለስላሳና ንጹሕ ይሆናል፤ ሲበላሽ ደግሞ ሰያፍ መስመሮች ላይ የመሰላል ቅርጽ ይወጣል።

ይህን ግምት ቴሌቪዥንዎም ራሱ ይሠራዋል፤ ብዙ ጊዜም ከርካሽ ማጫወቻ የተሻለ አድርጎ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ዲቪዲን ወደ 4ኬ ያሳድጋል» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ለዚያ ብቻ ብለው ተጨማሪ አይክፈሉ። በዲቪዲ ላይ የማጫወቻው ጥራት በእውነት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ዲቪዲ ምስሉን አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች (1፣ 3፣ 5…) ለብቻ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን (2፣ 4፣ 6…) ለብቻ አድርጎ ነው የሚያወጣው። እነዚህን ግማሾች መልሶ በትክክል መግጠም ያስፈልጋል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ተቀርጾ በሰከንድ 60 ግማሽ ምስል ወደሚያሳይ ዲቪዲ ሲገባ ደግሞ አንዳንዱ ግማሽ ይደገማል። ጥሩ ማጫወቻ ይህን ድግግሞሽ ለይቶ ያወጣዋል። ደካማው ያምታታዋል፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር የነገሮች ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ዲቪዲ ላለው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ አማካሪዎችዎ እንምጣ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው የነገሩዎት።

ሻጩ ስለ ድምፅ ያለው ለእርስዎ አይሠራም። ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ካገናኙት፣ ማጫወቻው በድምፁ ላይ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። ዲስኩ ላይ ያለውን የታሸገ ድምፅ እንዳለ ያስተላልፋል። ፈትቶ ወደየስፒከሩ የሚያከፋፍለው አምፕሊፋየሩ ነው። ርካሹም ውዱም የሚያስተላልፉት መረጃ አንድ ዓይነት ነው። ውድ ማጫወቻ ውስጥ የሚገኘው ተጨማሪ ወጪ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ አናሎግ ድምፅ ማውጫው፣ ወደ ከባዱ ብረት ሳጥንና ወደ ትልቁ ኃይል አቅራቢ ነው። ፓናሶኒክን ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዩቢ9000 የሚባለው ትልቁ ማጫወቻና ዩቢ820 የሚባለው መካከለኛው፣ ምስል የሚያቀነባብርላቸው ኤችሲኤክስ የተባለው ቺፕ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ አለ። ዋናው የዋጋ ልዩነት የመጣው ከአናሎግ ድምፁና ከሳጥኑ ነው። ሙዚቃ በአናሎግ ሽቦ ለሚሰማ ሰው ይህ ትርጉም አለው። በኤችዲኤምአይ ለሚሰማ ግን ባዶ ወጪ ነው።

ጓደኛዎ «ሁሉም ዲጂታል ነው» ያሉት ደግሞ በምስል ላይ አይሠራም። ዲስኩ ላይ ያለው ምስል በጣም ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። የቀለሙ መረጃ ዝርዝር የብርሃኑ መረጃ ካለው ዝርዝር ሩቡ ብቻ ነው። ማጫወቻው ይህን ፈትቶ፣ የጎደለውን ቀለም አሟልቶ፣ ብርሃኑን ከቴሌቪዥኑ አቅም ጋር አጣጥሞ ነው የሚልከው። እዚህ ላይ ማጫወቻዎች ይለያያሉ። ዲስክ በማንበብ ብርታት፣ በፍጥነት፣ በሶኬቶቻቸው ብዛትና አምራቹ ሶፍትዌሩን እስከ መቼ በማደሱም ይለያያሉ።

«ዲስክ ማን ይገዛል» ለሚለው ደግሞ፣ ጥራት የሚፈልግ ሰው ይገዛል። በኢንተርኔት የሚመጣ 4ኬ ፊልም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት አካባቢ ነው የሚይዘው። 4ኬ ብሉ ሬይ እንደ ዲስኩ ዓይነት በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ጭስ፣ ዝናብ፣ የጨለማ ትዕይንትና የፊልም ጥራጥሬ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ድምፁ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የኢንተርኔቱ ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከላይም ጭምር የሚያሰማ የዙሪያ ድምፅ ስልት) በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት በታች በሆነ ጭመቃ ይመጣል። ዲስኩ ላይ ያለው ዶልቢ ትሩኤችዲ ወይም ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ግን ምንም ያልተቀነሰለት ነው። አምስት ስፒከር ተክለው የሚሰሙ ከሆነ ይህ ልዩነት የእርስዎ ነው።

ጓደኛዎ ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር አለ። ገበያው ጠቧል። በማጫወቻ ጥራት ስሙ ገናና የነበረው ኦፖ በ2018 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ። ሳምሰንግ በ2019፣ ኤልጂ ደግሞ በ2024 ከዚህ ሥራ ወጡ። ይህ ለእርስዎ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የብሉ ሬይ ዲስኮችን ካልተፈቀደ ቅጂ የሚከላከለው ቁልፍ በየጊዜው ይታደሳል፤ ማጫወቻው ፋርምዌሩን (የውስጥ ሶፍትዌሩን) ካላደሰ አንዳንድ አዲስ ዲስክ አልከፍትም ሊል ይችላል። ስለዚህ አምራቹ በሥራው ላይ ያለ፣ አፕዴት የሚያወጣ መሆኑን ማየት የግድ ነው። ርካሽ ሆኖ ያገኙት ቀሪ ክምችት፣ የተተወ ሞዴል ሊሆን ይችላል።

ተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ወይስ 4ኬ? ለእርስዎ ስክሪን 4ኬ ነው፤ እዚህ ላይ አላመነታም። 4ኬው ብሉ ሬይዎን፣ ዲቪዲዎን፣ ሲዲዎንም ያጫውታል። ተራው ብሉ ሬይ ማጫወቻ ግን 4ኬ ዲስክ በምንም አፕዴት ማንበብ አይችልም። 4ኬ ዲስክ እስከ ሦስት ንብርብርና እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፤ ምስሉም የተጨመቀው በሌላ ዘዴ ነው።

ነገር ግን ከ4ኬ ምን እንደሚጠብቁ አስቀድመው ይወቁ። ከ65 ኢንች ስክሪን ወደ 2.5 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ፣ ጤናማ ዓይን የተራውን ብሉ ሬይ ፒክሰሎች እንኳ ለይቶ ማየት የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነዎት። በዚያ ላይ ብዙ 4ኬ ዲስኮች የተሠሩት በ2ኬ (ከተራው ብሉ ሬይ ጋር በተቀራረበ ጥራት) ከተዘጋጀ ቅጂ ነው። ስለዚህ በፒክሰል ብዛት ብቻ ተአምር አያዩም። የሚያዩት ልዩነት ከኤችዲአር ነው የሚመጣው፤ የብርሃኑ ስፋትና የቀለሙ ጥልቀት ከሶፋው ሆነው ይታያሉ። ፊት ላይ ያረፈች የሻማ ብርሃን፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሰማዩ ቀለም ያለ መስመር ሲዋሃድ፣ ጥቁር ልብስ ውስጥ ያለው ስፌት። እኔ መካከለኛውን ማጫወቻ ከርካሹ አስበልጬ የምመክረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችዲአር ፊልም ብዙውን ጊዜ እስከ 1000፣ አንዳንዱም እስከ 4000 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ብርሃን ታስቦ ይዘጋጃል። ብዙ መካከለኛ ቴሌቪዥኖች ከዚያ በታች ናቸው። ፕሮጀክተር ደግሞ አጠገቡም አይደርስም። ትርፉ ብርሃን የሆነ ቦታ መጨመቅ አለበት። ጭመቃው ባልታሰበበት መንገድ ሲሠራ ወይ ደመናው ዝርዝሩን አጥቶ ነጭ ይሆናል፣ ወይ ፊልሙ በሙሉ ይጨልማል። «ኤችዲአር ጨለማ ነው» የሚለው የተለመደ ቅሬታ በአብዛኛው መነሻው ይህ ነው። ኤችዲአር ያለው 4ኬ ዲስክ ሁሉ የሚይዘው ኤችዲአር10፣ ለሙሉ ፊልሙ አንድ መመሪያ ብቻ ነው ያለው። ዶልቢ ቪዥንና ኤችዲአር10 ፕላስ ግን መመሪያውን በየትዕይንቱ ይለዋውጡታል። መካከለኛው ፓናሶኒክ በበኩሉ ራሱ ማጫወቻው ላይ የስክሪኑን ዓይነት መርጠው ብርሃኑን የሚያመቻቹበት ሥራ አለው፤ ኤችዲአር ኦፕቲማይዘር ይባላል። ፕሮጀክተር ላለው ሰው ይህ አንድ ሥራ ብቻ የዋጋውን ልዩነት ይመልሳል።

ዶልቢ ቪዥን የሚጠቅመው ቴሌቪዥኑ ሲቀበለው ነው። የእርስዎ ይቀበላል ብለዋል፤ መልካም። የሳምሰንግ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ግን ለዶልቢ ቪዥን ብሎ መክፈል የለበትም፤ ሳምሰንግ የሚደግፈው ኤችዲአር10 ፕላስን ነው። አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮችም ዶልቢ ቪዥን የላቸውም። ሌላም ልብ የሚሉት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ የዶልቢ ቪዥን ምልክት መኖሩ ብቻ አይበቃም። የሶኒው ኤክስ700 ዶልቢ ቪዥንን ከሜኑ ውስጥ በእጅ ማብራትና ማጥፋት ይፈልጋል። ሁልጊዜ በርቶ ከተተወ ዶልቢ ቪዥን የሌለበትን ዲስክም በዚያው መልክ ይልከዋል፤ ቀለሙ እንደተዘጋጀው አይመጣም። የፓናሶኒክ ዩቢ820 ዲስኩን አይቶ ራሱ ይቀይራል። ቤት ውስጥ ፊልም የሚያስጀምሩት እርስዎ ብቻ ካልሆኑ ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

ትልቁ ጣጣ አምፕሊፋየርዎ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን፣ ምስሉን ካልተፈቀደ ቅጂ የሚከላከለውን የመሣሪያዎች ስምምነት ላያውቅ ይችላል። 4ኬ ዲስክ ያለዚህ ስምምነት 4ኬ ምስል አያወጣም። እንደ ድሮው ማጫወቻውን ወደ አምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ካገናኙ ወይ ምስሉ ወደ ተራ ኤችዲ ይወርዳል፣ ወይ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማጫወቻው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው ደግሞ አምፕሊፋየሩን ይጥላል። ሁለቱም አያስፈልግም። ሁለት የኤችዲኤምአይ መውጫ ያለው ማጫወቻ ይግዙ። አንዱን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ለምስል፣ ሁለተኛውን ወደ አምፕሊፋየሩ ለድምፅ ብቻ ይሰኩ። አምፕሊፋየሩ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ የሚፈታ ከሆነ ድምፁን ሳይቀነስ ያገኙታል። ዲስኩ ላይ ዶልቢ አትሞስ ቢሆንም ችግር የለም። አትሞስን የማያውቅ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለውን ትሩኤችዲ አውጥቶ በአምስቱ ስፒከሮች ያጫውተዋል።

«በኦፕቲካል ሽቦስ?» ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። አይሆንም አልልም፤ ግን ኦፕቲካል ያልተቀነሰውን የዙሪያ ድምፅ መሸከም አይችልም። የሚያልፍለት የተጨመቀው ዶልቢ ዲጂታልና ተራው ዲቲኤስ ነው። ድምፁን ከቴሌቪዥኑ በተለመደው ኤአርሲ (ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚመልሰው የኤችዲኤምአይ መንገድ) ማምጣትም ያው ነው። ኢ-ኤአርሲ የሚባለው አዲሱ መንገድ ያልተቀነሰውን ያሳልፋል፤ አምፕሊፋየርዎ ግን ከእሱ በፊት የተሠራ ነው። ኤችዲኤምአይ ጭራሽ የሌለው የቆየ አምፕሊፋየር ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ በአናሎግ የሚያወጣ ማጫወቻ ይፈልጉ። ዩቢ820 የ7.1 (የሰባት ስፒከርና የአንድ ሳብዉፈር) አናሎግ መውጫ አለው፤ ታናናሾቹ ሞዴሎች ላይ ግን አይጠብቁት።

ጌም ማሽን ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክር። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ ብሉ ሬይ ያጫውታሉ። ገደባቸው፣ ከዲስክ ዶልቢ ቪዥን አያወጡም። ፕሌይስቴሽን 5 የሙዚቃ ሲዲም አያነብም።

ብዙ ዲቪዲ ስላለዎት የክልል ኮዱን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነውን ምልክት) ሳያዩ ማጫወቻ እንዳይገዙ። ዲቪዲ ዓለምን በስድስት ዋና ክልል ይከፍላል፤ ብሉ ሬይ ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉ በሦስት። 4ኬ ብሉ ሬይ ግን የክልል ገደብ የለውም። «4ኬ ስለሆነ ሁሉንም ያጫውታል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይሸወዱ፤ ከክልል ነፃ የሆነው 4ኬ ዲስኩ እንጂ ማጫወቻው አይደለም። ያው ማጫወቻ የሌላ ክልል ዲቪዲ ሲገባበት አልከፍትም ይላል። ከዲስኮችዎ ጀርባ ያለውን ቁጥር አይተው፣ ማጫወቻው ጀርባ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ።

ያገለገለ ማጫወቻ አልመክርም። የዲስክ ማንበቢያ ሌዘርና ሞተር ያልቃሉ፤ ሲያልቁም መጀመሪያ የሚያስቸግሩት ባለ 100 ጊጋባይቶቹ ዲስኮች ናቸው። ዲቪዲ አሳይቶ የሸጠልዎ ሰው ምንም አላሳየዎትም። ያም ሆኖ ፊልም መሃል ላይ የቆመ ሁሉ የማጫወቻ ጥፋት አይደለም። በብሉ ሬይ ላይ መረጃው ከዲስኩ ፊት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የራቀው፤ በዲቪዲ 0.6 ነው። ስለዚህ ለዲቪዲ ምንም የማይመስል የጣት አሻራ 4ኬ ዲስክን ሊያቆም ይችላል። በለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ በቀጥታ ይጥረጉት፤ ዙሪያውን እያዞሩ አይደለም። ማጫወቻውን ደግሞ የሚሞቅ አምፕሊፋየር ላይ አይጫኑት።

ስለ ኬብልም በአጭሩ። ለ4ኬ ዲስክ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ማረጋገጫ ያለው ኬብል ይበቃል። ለ8ኬ ተብሎ የሚሸጠው ምስሉን አያሻሽልም። አጭር ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም። ርቀቱ ከአምስት ሜትር ካለፈ ብቻ ኤችዲኤምአይን በፋይበር ኦፕቲክ የሚያስተላልፈውን ዓይነት ያስቡ።

እንግዲህ ምን ይግዙ? ፓናሶኒክ ዩቢ820ን ይግዙ። ዶልቢ ቪዥን አለው፤ ራሱ ይቀይራል። ለአሮጌው አምፕሊፋየርዎ ሁለት ኤችዲኤምአይ አለው። ኤችዲአር ማመቻቻው ጥሩ ነው፤ ዲቪዲንም በደንብ ይይዛል። የሚጎድለው፣ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ (ከተራ ሲዲ የላቀ ጥራት ያለው የሙዚቃ ዲስክ) አያጫውትም። እነዚያ ዲስኮች ካሉዎት ወይም ዋጋው ከአቅምዎ ካለፈ የሶኒው ኤክስ700 ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፤ እሱም ሁለት መውጫ አለው፤ ዶልቢ ቪዥኑን በእጅ መቀየሩን ግን ይለምዱታል። ዶልቢ ቪዥን የማይቀበል ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ላለው ሌላ አንባቢ ታናሹን ፓናሶኒክ ዩቢ420ን እመርጥለታለሁ፤ ኤችዲአር ማመቻቻው እዚያም አለ። ከዩቢ820 በላይ ግን አይውጡ። የተረፈውን ገንዘብ ለዲስክ ያውሉት፤ ወይም አምፕሊፋየሩን ለሚቀይሩበት ቀን ያስቀምጡት።

ማጫወቻው ቤት እንደገባ፣ ፊልም ከማየትዎ በፊት፣ ፋርምዌሩን ያድሱ። የድምፅ ሴቲንጉን «ቢትስትሪም» (ድምፁን ሳይፈታ የሚልከው) ላይ ያድርጉት። «ሴኮንደሪ ኦዲዮ» ወይም «ኦዲዮ ሚክስ» የሚለውን ያጥፉ፤ እሱ በርቶ ከቀረ ያልተቀነሰው ድምፅ አይወጣም። የ24 ፍሬም ማውጫውን ያብሩ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ሜኑ ይግቡና ማጫወቻው የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ ሶኬት ሙሉ አቅሙን እንዲጠቀም ያዝዙት፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህን አጥፍተው ነው የሚመጡት፤ ካልበራ ኤችዲአር አያገኙም። ዲስክ ሲጀምር ስክሪኑ ጥግ ላይ «ኤችዲአር» ወይም «ዶልቢ ቪዥን» የሚል ጽሑፍ መታየቱን፣ አምፕሊፋየሩ ላይም «ትሩኤችዲ» ወይም «ዲቲኤስ ኤችዲ» መጻፉን ይመልከቱ። በመጨረሻም ዕቃውን መመለስ በሚችሉበት ጊዜ ውስጥ አንድ ረጅም ባለ 100 ጊጋባይት ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውቱ። ዲስኩ ንጹሕ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከቆመ፣ በሌላ ዲስክም ከደገመው፣ ለጥገና አይስጡት፤ መልሰው በሌላ ያስቀይሩት።